ዐይኑ ዐ

ዓርብ ቀን ተነሥቼ፣ ዓርብ እሄዳለሁ፤
የኛን የሳምንት ስም፣ ጎዞ ደሴት ላይ መንደር ሆኖ አገኘሁ።
ከምሲዳ ባውቶቡስ፣ ከቺርኬዋ በመርከብ፣
በቦርሳዬ ሦስት መቶ ቃል፣ ካንድ ሽማግሌ ጉሮሮ የሚሰበሰብ።

እኅቴ በስልክ፦ «ምንድን ነው ያልሽኝ የምትማሪው?»
«ቋንቋ።» «የማንን?» «የማንንም። ቋንቋን ራሱን ነው።»
«ታዲያ ስንቱን ቻልሽ?» «ሁለት ተኩል።»
ዝም አለች፤ የላከችውን ብር ይመስለኛል ያሰላችው።
«የክብር ዲግሪ» ብላት፣ ሌላ ነገር መሰላት፦
«ሳትማሪ ነው የሚሰጡሽ? እንደ ባለሥልጣናት?»

ሳልማር ቢሰጡኝማ!
ዶክተር ሺክሉና ርእሴን ባየች ቁጥር «አጥብቢው» አለችኝ፤
ከቋንቋ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ፊደል፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ አጠበበችኝ።
በመጨረሻ የቀረችኝ አንዲት ድምፅ ናት፣
ማልታዎች በሁለት ፊደል የሚጽፏት፣
አንድም አፍ የማያወጣት።

አወቅኋት።
ሁለተኛ ክፍል፣ ደሴ፣ የቃል ጽሕፈት ፈተና፤
ስሜን «አይናለም» ብዬ ጽፌው ኖሮ፣ መምህርት የውብነሽ ጎንበስ አሉና
«በዐይኑ ዐ ነው!» ግማሽ ማርክ ቀነሱ፣ ከገዛ ስሜ፣ ከራሴ ስም።
«ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላቸው፣
«ድሮ ነበረ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቸንሱ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤
ጀልባዋ ተሸጣ፣ ከግንባሯ አንድ ሳንቃ ጋራዡ ውስጥ ቀረ፣
ዐይን የተሣለበት፣ ማዕበሉን እንዲያይለት።
ሥዕል አሳየዋለሁ፤ እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤
ባሕሩን «ባሐር»፣ ደሙን «ደም» ሲለኝ፣ ዘመድ ያገኘ ሰው እሆናለሁ።
ግን «ቤይት» ሲል ጣቱን ወደ ጣራ አነሣ፤
«ዳር» ሲል መኖሪያውን ነው። ብዕሬ ቆመ፣ የሚያውቀውን ረሳ፦
የኔ ቤት ለሱ ጣራ፣ የኔ ዳር ለሱ ቤት!
ዳር የቆመ ሰው ገብቷል ማለት ነው፣ በነሱ መዝገበ ቃላት፤
ይህን ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮዋ ሴትዮ ማን በነገራት።

ድምፄ ግን የለችም። አራት ዓርብ፣ አራት ባዶ ፋይል፤
ኮምፒውተሩ ላይ ግራጫ ጭረት፣ የተለጠጠ አናባቢ፣ እንደ ጭራ የሚከተል።
ቸንሱ ማይክ ሲያይ አንገቱን ያቀናል፤
እንደ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ይናገራል።
ግንቦት ደርሷል። አሥር ሺህ ቃል፣ ስለሌለ ነገር!
ማን ይጽፋል ይህን ያህል፣ ከአስለቃሽ በቀር?

በአምስተኛው ዓርብ መቅረጫውን አጠፋሁ፤ ጃኬቴን አነሣሁ።
«ስምሽ ግን ምን ማለት ነው?» አለኝ። ሳንቃውን አሳየሁ፣
ያንን ሰማያዊ ዐይን።
ሳቀ። ሲስቅም ከጉሮሮው ሥር፣ ካልተጠረገ ጉድጓድ፣
እናቱ ትለው እንደነበረው፣
ያቺ ድምፅ ወጣች፤ ለጥናት አይደለም፣ ለዘመድ።
«ድገመው» አልኩት፤ መቅረጫውን አበራሁ።
አንገቱን አቀና። ያንኑ ዜና አንባቢ ሰማሁ።

በጥናቴ ላይ «ድምፁ በተቀዳው ውስጥ አልተገኘም» ብያለሁ፤ እውነት ነው።
ሽፋኑ ላይ ስሜን በላቲን አሰፈርኩ፤ ላቲን ለዐይኑ ዐ ቦታ የለው።
ዲግሪዬ ምን ያህል ክብር እንዳለው ሰኔ ላይ ይነግሩኛል።
መምህርት የውብነሽ ግን፣ በሕይወት ካሉ፣ መልስ አለኝ፤ ዘግይቷል፦
ድሮ አይደለም የነበረው።
ዓርብ ዕለት ነበረ፣ ዓርብ መንደር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤
አንድ እጄ ጃኬት ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ፣
ሊያመልጠኝ ሲል መርከብ።